ከፍ ያለ ሁሉ አላተረፈም፦ የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ለወገዳ ልጆች

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናው እስኪፈላ አንብቡት፤ ካላለቀላችሁ የቀረውን ለነገ አቆዩት።

የማወራችሁ ቫሪዮሜትር ስለምትባል መሣሪያ ነው። ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ ማለትም በግላይደር ውስጥ፣ ከአብራሪው ፊት የምትቀመጥ የግድግዳ ሰዓት ታናሽ እህት የመሰለች ነገር ናት። ሥራዋ አንድ ነው፤ "አሁን ሽቅብ እየወጣህ ነው ወይስ ቁልቁል እየወረድህ? በሰከንድ ስንት ሜትር?" የሚለውን መመለስ።

"ይህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ምኑ ነው?" የሚል አይጠፋም። ምኑ እንደሆነ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ መሣሪያዋ መጀመሪያ ስትሠራ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባት። አብራሪው ከራሱ ኪስ አውጥቶ የከፈለውን "ነፋስ ሰጠህ" ትለው ነበር። ታሪኳ ይህ ጉድለት እንዴት እንደታረመ የሚናገር ታሪክ ነው።

አሞራው ቀድሞ ያውቅ ነበር

ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ገደልና ሸለቆ የከበባት ከተማ ናት። ጠዋት ፀሐይ ቋጥኙንና የታረሰውን መሬት ስታሞቅ አየሩም ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ይቀላል፤ የቀለለ አየር ሽቅብ ይወጣል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጆፌ አሞራ በማለዳ አይነሣም፤ መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴም ሳያራግብ፣ እየዞረ እየዞረ ነጥብ እስኪያክል ይወጣል። የሚያወጣው ጡንቻው ሳይሆን አየሩ ነው።

በነገራችን ላይ በኛ ገደሎች ከሚኖሩት ጆፌ አሞሮች አንዱ በሳይንስ ስሙ የሚጠራው በጀርመናዊው ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሰሜንን አልፎ ጎንደር ድረስ የመጣ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በስሙ የተጠራው አሞራ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1973 በአይቮሪ ኮስት፣ ከአቢጃን ሰማይ በላይ፣ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከመንገደኞች ጄት ጋር ተጋጭቶ ተመዝግቧል። ከዚያ በላይ የበረረ ወፍ እስከ ዛሬ አልተመዘገበም።

አሞራው ሽቅብ የሚወጣውን አየር በአካሉ ያገኘዋል። ሰው ግን አይችልም። ለምን? ሰውነታችን የሚሰማው የፍጥነት ለውጥ ነው እንጂ ወጥ የሆነ ጉዞ አይደለም። ሊፍት ውስጥ አስቡት፤ ሲነሣና ሲቆም ሆዳችሁ ይነግራችኋል፤ በመሃል ግን የቆማችሁ ይመስላችኋል። ግላይደር ውስጥ የተቀመጠ ሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

የሚፈላ ውኃና የከፍታ ልኬት

ከፍታ በምን ይለካል? ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ በአየር ግፊት። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ በነፋስ መውጫ ከፍታ ወደ 700 ይወርዳል። እናቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል፤ ደጋ ላይ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱም ውኃው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ይህንኑ ነበር የሚጠቀሙበት። ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1840ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሀገራችንን ሲለካ የኖረው አንቷን ዳባዲ ከማዕዘን መለኪያው ጋር ቴርሞሜትር ይዞ ይዞር ነበር፤ ውኃ ያፈላል፣ የፈላበትን ዲግሪ ያነባል፣ ከዚያ የቦታውን ከፍታ ያሰላል። ሰው አይቶት "ይህ ፈረንጅ በየተራራው ምን ያፈላል?" ሳይል አልቀረም።

ቫሪዮሜትርም የዚሁ ዘር ናት፤ ልዩነቷ ከፍታውን ትታ የከፍታውን ለውጥ መለካቷ ነው። አሠራሯ ቀላል ነው። ፔርሙስ አስቡ፤ ውስጡ ግማሽ ሊትር የማይሞላ አየር። ከፔርሙሱ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ በመሣሪያዋ በኩል አልፎ ወደ ውጭ አየር ይከፈታል። አውሮፕላኑ ሲወጣ የውጩ ግፊት ይቀንሳል፤ የፔርሙሱ አየር ወደ ውጭ ይሄዳል። ሲወርድ የውጩ አየር ይገባል። ጠቋሚው የሚያሳየው ይህን መውጣትና መግባት ነው። ፔርሙስ የተመረጠውም ሙቀትና ቅዝቃዜ የውስጡን አየር እንዳያሳስቱት ነው።

1929

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመኖችን የሞተር አውሮፕላን ጉዳይ አጥብቆ አሰራቸው። ወጣቶቹ ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ከ1920 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቫሰርኩፐ የሚባል ተራራ ላይ እየወጡ ያለ ሞተር መብረር ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያውቁት ነፋስ ኮረብታ ገጭቶ ሽቅብ ሲል በዚያው ኮረብታ ላይ መመላለስን ብቻ ነበር። ከኮረብታው ከራቁ መውረድ ነው።

አሌክሳንደር ሊፒሽ የተባለው መሐንዲስ ቫሪዮሜትርን በግላይደር ውስጥ መጠቀምን ሐሳብ አቀረበ፤ ኦስትሪያዊው ሮበርት ክሮንፌልድ ቀድመው ከተጠቀሙባት አንዱ ሆነ። ክሮንፌልድ በግንቦት 1929 ያለ ሞተር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። በዚያው ዓመት፣ በኛ ነሐሴ 1921 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴ 25፣ አዲስ አበባ አረፈ። እኛ ሞተሩን በተቀበልንበት ዓመት እነሱ ሞተሩን ትተው አሞራውን እየተማሩ ነበር ማለት ነው። በ1930 ደግሞ ቮልፍ ሂርት ቫሪዮሜትሯን እያየ በሞቃት አየር ውስጥ እንደ አሞራው እየዞረ መውጣትን አሳየ። ከዚያ በኋላ ኮረብታ የግድ አልሆነም።

ላም አለኝ በሰማይ

ችግሩ የመጣው አውሮፕላኖቹ እየፈጠኑ ሲሄዱ ነው።

አብራሪው በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው እንበል። መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ ፍጥነቱ ወደ 90 ይወርዳል፤ በለውጡ አውሮፕላኑ ከፍ ይላል። ስንት? ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የፍጥነት ካሬ ሲካፈል ለሁለት ጊዜ የመሬት ስበት። 144 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 40 ሜትር በሰከንድ ነው፤ 82 ሜትር ከፍታ ያህል ጉልበት በውስጡ አለ። 90 ማለት 25 ሜትር በሰከንድ ነው፤ 32 ሜትር ያህል። ልዩነቱ 50 ሜትር። ይህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢሆን ቫሪዮሜትሯ "በሰከንድ 5 ሜትር እየወጣህ ነው!" ትላለች። የ5 ሜትር ሽቅብ ነፋስ ደግሞ ማንኛውም አብራሪ የሚመኘው ሲሳይ ነው።

አብራሪው ደስ ብሎት መዞር ይጀምራል። የሚዞረው ግን ባዶ አየር ውስጥ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እዚያ በከንቱ ሲዞር የነበረውን ከፍታም ያጣል።

ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው አየሩ የሚገፋውን ግፊት ነው። በ3 ሺህ ሜትር የአየሩ እፍጋት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ መለኪያው ያንኑ ቁጥር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት የሚበረው ከዚያ ፈጥኖ ነው። ስለዚህ ያው ከ144 ወደ 90 የሚለው ንባብ በነፋስ መውጫ ከፍታ 50 ሳይሆን ወደ 67 ሜትር የሚሆን የውሸት ሲሳይ ይሰጣል።

ልብ በሉ፤ መሣሪያዋ አልዋሸችም። "ከፍ አልህ" አለች፤ ከፍ ብሏል። ያልነገረችው ከፍታው ከየት እንደመጣ ነው። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ የዞረ ብር "ገቢ" አይባልም፤ እሷ ግን ቀኝ ኪሱን ብቻ እያየች "አተረፍህ" ትላለች።

የተከፈለበት ከፍታ

ከፍታ ዋጋ እንዳለው የኛ አገር መንገድ ከማንም በላይ ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ በ1867 መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። መንገዱን ወታደሩ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ንጉሡም አብረው እየሠሩ ነው የወጣው። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው።

የፊዚክስ ተማሪ የነበራችሁ አስሉት፤ 7 ቶን አንድ ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ ወደ 70 ሺህ ጁል ያስፈልጋል፤ የመንገዱ ፍትጊያ ሳይቆጠር። እንደ በሽሎ ያለውን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ነው። አንዱንም ሜትር ነፋስ አልሰጣቸውም፤ ሁሉም በሰው ትከሻና በላብ የተከፈለ ነው።

እንግዲህ ከፍታ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተሰጠና የተከፈለበት። አሞራው የሚያገኘው የተሰጠውን ነው፤ መድፍ ጎታቹ የሚያገኘው የከፈለበትን። ያልታረመች ቫሪዮሜትር ሁለቱን አትለይም።

ካንትሮዊትዝ

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አርተር ካንትሮዊትዝ በ1939 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ያነሣው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከፍታን ብቻ አትለኩ፤ ጠቅላላ ጉልበትን ለኩ። የከፍታ ጉልበትና የፍጥነት ጉልበት ተደምረው ካልጨመሩ አየሩ ምንም አልሰጠንም። ጠቋሚው ዝም ይበል።

እንዴት ይደረግ? እዚህ ላይ ነው ውበቱ። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ከፍሎ ከፍ ሲል በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። በዚያው ልክ ደግሞ ከፊት የሚመታው የነፋስ ግፊት ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ቀንሷላ! ሁለቱ ቅነሳዎች በቁጥር እኩል ናቸው። ስለዚህ ለቫሪዮሜትሯ የሚደርሰው የአየሩ ግፊት ብቻ መሆኑ ቀርቶ "የአየሩ ግፊት ሲቀነስ የነፋሱ ግፊት" ቢሆን፣ አንዱ ሌላውን ይሰርዘዋል። የሚቀረው አየሩ በእውነት የሰጠው ወይም የወሰደው ብቻ ነው። ይህ ነው ማካካሻ የሚባለው።

ሦስት መንገድ

የመጀመሪያው መንገድ መምጠጫ ቱቦ ነው። ነፋሱ ሲያልፍበት በልኩ የሚመጥ፣ ማለትም ከአየሩ ግፊት ላይ የነፋሱን ግፊት ያህል የሚቀንስ ነገር አውሮፕላኑ ላይ ይተከላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበረው ፍራንክ ኢርቪንግ በወገቡ የጠበበ ቬንቱሪ ሠራ። በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ ደግሞ በስሟ የሚጠራ ቱቦ ወጣ። በ1970ዎቹ ኦራን ኒክስ የሚባል ሰው መጣ። ይህ ሰው በናሳ ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የሚላኩ መንኮራኩሮችን ፕሮግራም የመራ ነው። ሰው ሠራሽ አካላትን ወደ ማርስ የላከ ሰው ለግላይደር ያበረከተው ምን መሰላችሁ? ጫፉ የተደፈነ፣ ከበስተጀርባው የተበሳ፣ 20 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነበለ ተራ ቀጭን ቱቦ! ቱቦዋ ግን በትክክል የሚፈለገውን ያህል ትመጥጣለች።

ሁለተኛው መንገድ ስስ ሽፋን ነው። የነፋሱ ግፊት የሚገፋው ተለጣጭ ሽፋን ከፔርሙሱ ጋር ይያያዛል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ሽፋኑ ይመለስና የውሸቱን አየር ይውጠዋል። ጉዳቱ ለኛ ዓይነት አገር ነው። ባሕር ወለል ላይ የተስተካከለ ሽፋን በ3 ሺህ ሜትር ከውሸቱ ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ያርማል፤ የአየሩ እፍጋት ስለቀነሰ ሽፋኑ በልኩ አይገፋም። ሜዳ ላይ ለሚበር ይበቃ ይሆናል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከአባይ ሸለቆ እስከ ጉና ጫፍ በሚለዋወጥ አገር ላይ ለሚበር ግን አይመረጥም።

ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሁለቱን ግፊቶች ለየብቻ ለክቶ፣ ቀንሶና ደምሮ በስሌት ያካክሳል። እርማቱም በመቶኛ ይስተካከላል። ጥሩ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ሁለቱ ግፊቶች እኩል ሰዓት እንዲደርሱለት ነው። አንዱ ቱቦ ረጅም ሌላው አጭር ከሆነ ዜናው አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይደርስና ጠቋሚው ይወራጫል።

ምርጫው ለኔ ግልጽ ነው፤ ደጋ ላይ ቱቦዋን የሚያህል የለም። ከፍታ ቢለዋወጥም አትሳሳትም፤ ባትሪ አትጠይቅም።

አስተካካዩ ትዕግሥት ነው

ብዙ ሰው መሣሪያዋን ገዝቶ ይገጥምና ጠቋሚው ሲያስቸግረው ቁጥር መነካካት ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ቱቦዎቹ የሚያፈስሱበት እንዳለ ይፈተሻል፤ በመርፌ ቀዳዳ የምታፈስስ ጎማ ሁሉን ታበላሻለች። ውኃ የገባበት እንዳለ ይታያል። መምጠጫዋ ቱቦ ክንፉና አካሉ ካናወጡት አየር ርቃ፣ ብዙውን ጊዜ ቋሚው ጭራ ላይ ወደ ፊት ወጥታ፣ ሳትጣመም መተከሏ ይረጋገጣል። መምጠጫ ቱቦ ካለ ደግሞ የኤሌክትሮኒክሱ እርማት ዜሮ ላይ መሆን አለበት። አለዚያ አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ መቀነስ ይሆናል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። በማለዳ፣ አሞራው ሳይነሣ፣ አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ይበረራል። በ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትንሽ ተረጋግቶ፣ ከዚያ መሪውን በለሆሳስ ስቦ ወደ 90። ግላይደር በፍጥነት ሲበር ቁልቁለቱ ይበዛል፣ ቀስ ሲል ይቀንሳል። ስለዚህ ማካካሻው ልክ ከሆነ ጠቋሚው ከብዙ ቁልቁል ወደ ጥቂት ቁልቁል ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በቃ። ሽቅብ ከዘለለ እርማቱ አንሷል። መጀመሪያ ይበልጥ ቁልቁል ከወደቀ እርማቱ በዝቷል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ደጋግሞ፣ በተለያየ ከፍታ ነው።

እውነቱን ለመናገር ማካካሻም የራሱ ዕዳ አለበት። ከፊት ድንገት የሚመጣ አግድም ነፋስ ሲመታው የነፋሱን ግፊት ስለሚጨምር፣ መሣሪያዋ "ጉልበት አገኘህ" ብላ ለአፍታ ትሸወዳለች። ለዚህ መድኃኒቱ የአብራሪው ልምድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ፖል ማክሪዲ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፕላኑን የራሱን ቁልቁለት ጭምር አስወግዶ አየሩን ብቻ የምታሳይ ቫሪዮሜትር ገለጸ። ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1979 ደግሞ በሰው እግር ጉልበት ብቻ የሚበር አውሮፕላኑ የእንግሊዝን ቻናል ተሻገረ።

ታዲያ ለኛ ምኑ ነው?

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። የፕሮግራሙ አንዱ ዋና ዓላማ ምን ነበር? ገበሬው በክፉ ቀን ጥሪቱን እንዳይሸጥ ማድረግ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው መጀመሪያ በጉን፣ ከዚያ ላሙን፣ በመጨረሻ በሬውን ይሸጣል። በሬውን በሸጠበት ሳምንት ወደ ቤቱ የገባ ሰው እህል ያያል፤ ኪሱ ውስጥም ብር ያገኛል። ያልታረመች ቫሪዮሜትር ብናስገባበት "ይህ ቤት ሽቅብ እየወጣ ነው" ትል ነበር። ቤቱ ግን መሪውን ስቦ ፍጥነቱን እየበላ ነው። የሚያርስበት በሬ የለውም፤ የመጪው ክረምት ጉልበቱ አልቋል።

ለዚህ ነው በሴፍቲኔት ደንብ አንድ ቤተሰብ "ተመረቀ" ለመባል 12ቱንም ወር ያለ ድጋፍ ራሱን መመገቡ ብቻ ሳይሆን መለስተኛ ችግርን መቋቋም መቻሉም ይጠየቅ የነበረው። ይህ ጠቅላላ ጉልበትን መለካት ነው፤ ከፍታውንና ፍጥነቱን፣ ጎተራውንና በረቱን አንድ ላይ። ጎተራውን ብቻ አይቶ መዝገብ ላይ "ወጥቷል" ብሎ የሚጽፍ ሰው ያን ቤት ባዶ አየር ውስጥ እያዞረው ነው። መሬት ላይ ሲያርፍ የሚጎዳው ደግሞ መዝጋቢው አይደለም።

ስለዚህ በወረዳ፣ በቀበሌ፣ በየድርጅቱ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቅጽ ስትሞሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። "ስንት አለው?" ካላችሁ በኋላ "ይህን ለማግኘት ምን ሸጠ?" በሉ። ማካካሻው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍልኝ። በግላይደር የበረረ የሀገር ልጅ ካለም ይንገረን፤ በደስታ እናዳምጣለን።

ቸር እንሰንብት።